አባቴ በቴሌቪዥን የታየ ዕለት

ልጅ ሳለሁ ፈጣሪን የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አባቴን በቴሌቪዥን እንዲያሳየኝ። ሌላው ልጅ ብስክሌት ይለምናል፣ አሻንጉሊት ይለምናል። እኔ የመኪና ውድድር ባለበት እሑድ ሁሉ ቴሌቪዥናችን ፊት ተንበርክኬ፣ አፍንጫዬ መስታወቱን ሊነካ ምንም ሳይቀረው፣ "ዛሬስ አሳየኝ፤ ትንሽ ብቻ፣ እጁን ብቻ" እላለሁ። ልመናዬ ጆሮ ዳባ ልበስ ሲባል አኩርፌ እተኛለሁ። አሁን ሳስበው፣ በልጅነቴ ከተዋለልኝ ውለታ ሁሉ ትልቁ ያ ሳይሰማ ሲቀር የኖረው ጸሎት ነው።

አባቴ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነበር። ተሳፋሪው በሙሉ "ኤሊው" ይለዋል፤ ሐሜት እንዳይመስላችሁ፣ ፊት ለፊት ነው። መታጠፊያ ገና ከሩቅ ሲታየው ፍሬን ይይዛል። መንገድ የምታቋርጥ ድመት ካየ ቆሞ ያሳልፋታል፤ ድመቷ ሐሳቧን ቀይራ ብትመለስ እንኳ ይጠብቃታል። ከኋላ ወንበር "ኧረ ሹፌር፣ እኛም እኮ ቤት አለን!" የሚል አይጠፋም። እሱም በመስታወቱ አየት አድርጎት "ቤትህ የትም አይሄድብህም ወንድሜ፤ አንተ ብቻ በደህና ድረስለት" ይለዋል።

ይህ ሰው እንግዲህ ነፍሱን ለመኪና ውድድር የሰጠ ነው። ከከተማው ዳር የመወዳደሪያ ሜዳ አለ፤ ውድድር ባለ ቁጥር አባቴ ብርቱካናማ ቱታውን ለብሶ፣ ባንዲራውን ጠቅልሎ በብብቱ ሸጉጦ ማለዳ ይወጣል። የሚቆምበት ቦታ "ክርን" ይባላል። መንገዱ ቀጥ ብሎ ሲመጣ ቆይቶ እንደ ታጠፈ ክንድ ድንገት የሚሰበርበት ነው። አንዱ መኪና እዚያ መንገድ ስቶ ከወጣ ወይም ከተጋጨ፣ አባቴ ቢጫውን ባንዲራ እያውለበለበ ከኋላ የሚመጡትን "ቀስ በሉ፣ ፊታችሁ አደጋ አለ" ይላቸዋል። ጎረቤታችን ፀጉር አስተካካዩ ይህን ባሰበ ቁጥር ሳቁ ይመጣበታል። "ኤሊው መቼም ሰውን ቀስ በል ሳይል ውሎ አያድርም" ይላል። "በሥራ ቀን በአውቶቡስ፣ በእሑድ በባንዲራ!"

ውድድሩን የምናየው እኛ ቤት ነው። ፀጉር አስተካካዩ ሱቁን ዘግቶ፣ ሎሽን ሎሽን እየሸተተ ይመጣና ደህናውን ወንበር ይይዛል። የማያውቀው የለም። ማን ጎማ መቀየር እንዳለበት፣ ማን በማን ላይ ቂም እንደያዘ፣ የማን ሞተር እንደሚያስል፣ ሁሉንም ከቴሌቪዥኑ ጋዜጠኛ ቀድሞ ይናገራል። ራሱ በሕይወቱ መኪና ነድቶ አያውቅም።

እናቴ ልብስ ሰፊ ናት። በእነዚያ እሑዶች እዚያው ሳሎን ውስጥ ከእኛ ጋር ናት፤ ግን ጀርባዋን ለቴሌቪዥኑ ሰጥታ የስፌት መኪናዋን ትረግጣለች። ትር-ር-ር ሲል ይቆይና፣ መኪኖቹ ክርን ጋ ሲደርሱ ቀጥ ይላል። ካለፉ በኋላ እንደገና ትር-ር-ር። በሚቀጥለው ዙርም እንደዚያው። እኔ ክር እያለቀባት ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን አላስችል ብሎኝ፣

"እማዬ፣ ክሩ ምነው ቶሎ ቶሎ አለቀ?" አልኳት።

"መጥፎ ክር ነው የሸጡልኝ" አለች፣ ሳትዞር።

ፀጉር አስተካካዩ ቀና ብሎ ጣሪያውን አየ። እኔም ክር ሻጩን ጠመድኩት፤ መንገድ ላይ ሳገኘው ለብዙ ጊዜ ሰላም አልለውም ነበር። እናቴ እግሯን ከመርገጫው ላይ የምታነሳው ትንፋሿን ስትይዝ መሆኑን ለመረዳት፣ እኔ ራሴ አድጌ ሰው መውደድ ነበረብኝ።

ውድድሩ አልቆ አንዱ ዋንጫውን ሲያነሳ እናቴ ሁልጊዜ የምትላት ነገር አለች፤ "ተመስገን! ዛሬም አላሳዩትም።" ይህች ንግግሯ አንጀቴን ታሳርረው ነበር። ሰው እንዴት ባሏ ባለመታየቱ ፈጣሪን ያመሰግናል? አውጥቼ አውርጄ የደረስኩበት መደምደሚያ እናቴ በአባቴ ታፍራለች የሚል ነበር። የቱታው ቀለም ይሆናል፣ ወይም ያ ትልቅ ጆሮው።

"ለምንድን ነው አባዬን የማያሳዩት?" ብዬ አንድ እሑድ ፀጉር አስተካካዩን ጠየቅኩት።

"ካሜራ እንደ ዝንብ ነው የኔ ልጅ" አለኝ። "ቁስል ካልሸተተው አያርፍም። አባትሽ የቆመበት ቦታ ደግሞ፣ ይመስገነው፣ እስካሁን..."

"አንተ ሰውዬ!" እናቴ ከስፌት መኪናዋ ላይ ሆና ጮኸች። "ልጅ ፊት ምላስህን ሰብስብ!"

"ምን አልኩ? ስለ ዝንብ ነው ያወራሁት።"

እኔ ከዚህ ሁሉ የያዝኩት ዝንቡን ብቻ ነው። በሚቀጥለው ውድድር የቴሌቪዥኑን መስታወት በሳሙና አሽቼ፣ ዝንብ እንዳያርፍበት ፎጣ ይዤ ተቀመጥኩ።

አባቴ ማምሻውን አቧራ ለብሶ፣ ጎማ ጎማ እየሸተተ ሲገባ፣ ገና ጫማውን ሳያወልቅ "እህስ፣ ማን አሸነፈ?" ይለኛል። የሚፈትነኝ ይመስለኝ ነበር። ደረቴን ነፍቼ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እተርክለታለሁ። ዓይኑን ጨፍኖ እያዳመጠ "በየት በኩል ቀደመው? በውስጥ ነው በውጭ?" ይላል። ለካስ ሰውየው እውነቱን ነበር። ያን ሁሉ ዘመን ሜዳው ላይ ቆሞ አንድም ውድድር አይቶ አያውቅም። የሚያየው ክርንን ነው፤ መኪኖቹ ከግራ ይመጣሉ፣ በቀኝ ይጠፋሉ፣ የቀረውን የማሳየው እኔ ነበርኩ። "እኔንም ውሰደኝ" ስለው ደግሞ "እዚያ ምን ይታያል ብለሽ ነው? ውድድር የሚታየው ከቤት ነው" ይለኛል። አላመንኩትም። አንድ ጥሩ ነገር ደብቆ ለብቻው የሚያይ መሰለኝ።

ያ እሑድ ሰማዩ ደመና የከበደው ነበር። ውድድሩ ረጅሙ፣ ከሰዓቱን ሙሉ የሚፈጀው ነው። አንድ ሰማያዊ መኪና የቀደመውን ሁሉ እያለፈ መጣ፤ ፀጉር አስተካካዩ ከወንበሩ ጫፍ ደርሶ "ይሄ ልጅ ገፋው! ገፋው እኮ! ኧረ በዛ!" ይላል። የእናቴ የስፌት መኪና ቀጥ አለ። ሰማያዊው መኪና ክርን ላይ የኋላ ጎማው ከዳው፤ ተሽከረከረ፣ የጎማ ክምሩን መታ፣ ተገለበጠ። ወዲያው ጢስ ተነሳ። ካሜራው መጣ። ከጢሱ ጫፍ ላይ ደግሞ፣ አዎ፣ ብርቱካናማ ቱታ! ያ ጆሮ! መንገድ ማዶ ያለው ጓደኛው ባንዲራ ሲያውለበልብ፣ አባቴ የእሳት ማጥፊያ ታቅፎ ይሮጣል። ለምንም ነገር ሲሮጥ አይቼው አላውቅም።

"ታየ! አባዬ ታየ! እማዬ ዙሪ፣ እይው!"

እናቴ ዞረች። እኔ ሶፋው ላይ ወጥቼ እዘላለሁ። አባቴ ወደ ጢሱ ገባ፤ ጢሱ ዋጠው፤ ከዚያ አንዲት ነጭ በነጭ የለበሰች ሴት ፈገግ ብላ ሳሙና አሳየችን። ማስታወቂያ ነው።

"ባለጌዎች!" አልኩ። "ገና ሳንጠግበው!"

ማስታወቂያው ሲያልቅ አደጋውን ደግመው አሳዩት፤ ቀስ አድርገው፣ ከጎን፣ ከላይ። ሁሉም አባቴ ከመድረሱ በፊት ይቆማል። ቀጥሎ ካሜራው ከመሪው መኪና ጋር ሄደ፣ ጋዜጠኛውም ስለ ነዳጅ ያወራ ጀመር። ፀጉር አስተካካዩ፣ ያ ሁሉን አዋቂ፣ እጁን አፉ ላይ ጭኖ ቁጭ ብሏል። እናቴ ተነሳች። እንደ ተነሳች ያገኘችውን ጫማ አጥልቃ እጄን ይዛ ወጣች፤ በአንድ እግሯ የራሷን፣ በአንዱ የአባቴን ነበር ያጠለቀችው። የልብስ መለኪያ ሜትሯ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል፣ ደረቷ ላይ መርፌዎች ተሰክተዋል።

"የት ነው የምንሄደው?" አልኳት።

"አባትሽ ጋ።"

ደስታዬን እንዴት ልንገራችሁ? አባቴ ታየ፣ እናቴ ማፈሯን ተወች፣ አሁን ደግሞ እንኳን ደስ አለህ ልንለው ሜዳው ድረስ እየሄድን ነው። ያን ጊዜ ተንቀሳቃሽ ስልክ የሚባል ነገር በሰፈራችን የለም። ፌርማታው ላይ የአባቴ ባልደረባ፣ ሆዱ መሪውን የሚነካ ወፍራም ሹፌር፣ አውቶቡሱን አቁሞ ሰው ይጭናል።

"እትዬ፣ ምነው በደህና?" አላት።

"ክርን" አለች።

በሩን ዘጋው። አውቶቡሱ በረረ ማለት ይቀለኛል። አንዱን ፌርማታ አለፈ፣ የሚቀጥለውንም አለፈ። አንድ ሽማግሌ "ወራጅ አለ!" ብለው ጮኹ። ሹፌሩ በአገጩ ወደ እናቴ አመለከታቸው፤ ሽማግሌው አዩዋትና "ግድ የለም ልጄ፣ ስትመለስ ታወርደኛለህ" አሉ። እኔ መስኮቱ ላይ ተለጥፌ ወደ ኋላ በሚቀረው መኪና ሁሉ ላይ ምላሴን አወጣለሁ። አባቴ አውቶቡስን እንዲህ መንዳት እንደሚቻል ማን በነገረው እያልኩ ነበር።

የሜዳው በር ላይ ዘበኛው "ቲኬት" አለ።

"ባለቤቴ ክርን ላይ ነው" አለች እናቴ።

የዘበኛው ፊት ተለወጠ። ኮፍያውን አወለቀ፤ በሩን ለሌላ ሰው ትቶ ራሱ ከፊት ከፊታችን እየሄደ "መንገድ! መንገድ ስጡ!" ይል ጀመር። ሰዉ ግራና ቀኝ ተከፈለልን። አንዲት የማናውቃት ሴት የእናቴን ትከሻ ዳሰስ አደረገቻት። ይኸው፣ አልኩ በልቤ፣ አንዴ በቴሌቪዥን መታየት ሰውን እንዲህ ያስከብራል። ዘበኛው ኮፍያውን ለምን እንዳወለቀ የገባኝ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ልብስ እያጠብኩ ሳለ ነው፤ እጄ ውሃው ውስጥ እንዳለ ደርቄ ቀረሁ።

ሜዳው ከቴሌቪዥን የማውቀው ሜዳ አልነበረም። ቤት ውስጥ መኪኖቹ እንደ ንብ ነው የሚሉት፤ እዚህ ግን ድምፁ በጆሮ ሳይሆን በሆድ ይገባል። መሬቱ ከጫማዬ ሥር ይንቀጠቀጣል። የተቃጠለ ጎማና የቤንዚን ሽታ ጉሮሮዬን ከረከረው። ከአደጋው በኋላ ውድድሩ ቀጥሏል፤ ማን እንደሚመራ ግን የሚያውቅ የለም። አጥሩን የያዘው ሰው ሁሉ ሬዲዮ ጆሮው ላይ የለጠፈውን አንድ ሰውዬ "ማነው? ማነው?" ይለዋል። መኪና ይመጣል፣ ዓይኔን ሳርገበግብ ሄዷል። አባቴ እውነቱን ነው፣ እዚህ ምንም አይታይም።

እሱ ራሱ ግን ይታያል። ከሽቦ አጥሩ ማዶ፣ ጀርባውን ሰጥቶን፣ ባንዲራውን ይዞ ቆሟል። የቱታው አንድ እጅጌ ተቆርጦ ወድቆ፣ ክንዱ በነጭ ፋሻ ተጠቅልሏል። የሰማያዊው መኪና ቅሪት ነጭ አረፋ ለብሶ ከመንገዱ ዳር ተጋድሟል። አባቴ ከሱ አጠገብ ሆኖ ለሚመጣው ሁሉ ቢጫውን ያውለበልባል።

እናቴ ሽቦውን በሁለት እጇ ጨብጣ ባለ ሬዲዮውን "ፊቱን አይተኸዋል?" አለችው።

"የማንን?"

"የሱን። የባንዲራውን።"

"ኧረ እኔ መኪናውን ነበር የማየው" አላት።

"አባዬ!" ልል አፌን ስከፍት መዳፏ መጥቶ ከደነው። የስፌት መኪና ዘይት ይሸታል።

"አትጥሪው!"

"ለምን?"

"ድምፅሽን ከሰማ ይዞራል። ከዞረ የሚመጣውን አያይም። ባንዲራ የያዘ ሰው ጀርባውን ለመኪና አይሰጥም።"

"ለኛ ግን ሰጥቷል" አልኩ በጣቶቿ መሃል።

"ለኛ ይስጠን" አለች። "ለኛ ግድ የለም።"

ስለዚህ ቆምን። እኔ አባቴ በቴሌቪዥን ከታየ ወዲህ ኮርቶብናል ብዬ አኮረፍኩ። እናቴ ዓይኗን ከሱ አልነቀለችም። "ጆሮዎቹ አሉ" አለች ለራሷ ቀስ ብላ። የት ሊሄዱ ኖሯል ብዬ ሳቅኩባት። ጥቂት ቆይታ "እግሩን አላነከሰም" አለች። የልብስ ሰፊ ዓይን ነው፤ ትከሻው ከትከሻው እኩል መሆኑን፣ ቀኝ እጁ እንደ ልቡ መዘርጋቱን፣ አንገቱ መዞሩን፣ ባሏን ከኋላው አንድ በአንድ እየለቀመችው ነበር። የቀራት ፊቱ ነው። አንዲት "ዙር" ብትለው ያበቃ ነበር። ያችን ቃል አፏ ውስጥ ይዛ ውድድሩ እስኪያልቅ ቆመች። ከዚያ ወዲህ ብዙ ፍቅር አይቻለሁ፤ የደረሰኝም አለ፤ እንደዚያ ዝም ያለ ግን አላየሁም።

ውድድሩ ማለቁን ያወቅነው ድምፁ ሲወርድ ነው። መኪኖቹ አሁን ልክ እንደ አባቴ አውቶቡስ እየተንፏቀቁ መጡ። ክርን ጋ ሲደርሱ እያንዳንዱ ተወዳዳሪ እጁን ወደኛ አነሳ። ሰላም ያሉን መስሎኝ እኔም ሁለት እጄን አውለበለብኩላቸው። ለአባቴ ነበር። ከውድድሩ በኋላ አንድ ዙር በዝግታ ዞረው ባንዲራ ያዦቹን ያመሰግናሉ፤ ልማዳቸው ነው። ይህን በቴሌቪዥን አይቼው አላውቅም፤ በዚያ ሰዓት ካሜራው አሸናፊው ጋ ነው። አንዳንዱ ተወዳዳሪ ያን ቀን መኪናውን አቁሞ ደረቱን በእጁ መታ። አባቴም ባንዲራውን ከፍ አድርጎ መለሰላቸው፤ የመጨረሻው ካለፈ በኋላ ጠቀለለውና ዞረ።

ፊቱ ጥላሸት ነው። ዓይኖቹ አሉ፣ አፍንጫው አለ። ግን የሆነ ነገር ጎድሎታል፤ ምን እንደሆነ ሳላውቀው ሳቄ አመለጠኝ። የለየችው እናቴ ናት።

"ቅንድብህን የት ጣልከው?" አለችው።

አባቴ ደንግጦ ግንባሩን ዳሰሰ። "ምኔን?"

"ቅንድብህን! ቅንድብ የለህም እኮ!"

"ጠዋት ነበረኝ" አለ።

ባለ ሬዲዮው ሳይቀር ሳቀ። እናቴም ሳቀች፤ ሳቋ ግን እንደ ጀመረ አልቆም አላት፣ እየሳቀች ጉንጯ ሁሉ ራሰ። እኔ "በቴሌቪዥን ታየህ! ሁላችንም አየንህ!" ብዬ የምሥራቹን አበሰርኩት። አባቴ መሳቁን ተወ። ወደ እናቴ እግር ዝቅ ብሎ ሁለቱን ጫማዎች አየ።

"አየሽኝ?" አላት።

"ስትገባ አሳዩኝ" አለች። "ስትወጣ አላሳዩኝም።"

ያልተጎዳ እጁን በሽቦው ቀዳዳ አሾልኮ ጣቶቿን ያዘ። "ወጥቻለሁ" አላት። "ይኸው፣ ወጥቻለሁ እኮ።"

አባቴ የእሳት ማጥፊያውን ሊመልስ ሲሄድ እኛ ከሕክምናው ድንኳን አጠገብ ጠበቅነው። እዚያ አባቴ ከጢሱ ጎትቶ ያወጣው፣ ሰማያዊ የለበሰው ልጅ አልጋ ላይ ተጋድሞ፣ የትንፋሽ መስጫውን ከፊቱ ላይ እየገፋ፣ በሻከረ ድምፅ "እማዬ ጋ ደውሉልኝ፤ እያየች ነው" ይላል። ሐኪሙ "ቆይ፣ መጀመሪያ በደንብ ተንፍስ" ይለዋል። ያን የመሰለ ጀግና ተወዳዳሪ እናቱን ሲጠራ ሰምቼ አፈርኩለት። እናቴ ጎንበስ ብላ የሆነ ነገር ጠየቀችው፤ በጆሮዋ መለሰላት። ከዚያ ቀጥ ብላ ወደ ቢሮው ገባች። በመስታወቱ ሳያት ሜትሯ አንገቷ ላይ እንደ ተንጠለጠለ ስልክ ይዛ ራሷን ትነቀንቃለች። የልጁ ቱታ ተቃጥሏልና አዲስ ልትሰፋለት ልኬቱን የምትቀበል መሰለኝ። እሑድ እንኳ ሥራ አትተውም ብዬ ተናደድኩ።

ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ አባቴ ወደኔ ዞረና "እህስ፣ ማን አሸነፈ?" አለኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ መልስ አልነበረኝም። ፀጉር አስተካካዩ በራችን ላይ ቆሞ ሲጠብቀን አገኘነው፤ አባቴን ከእግር እስከ ራሱ አየው፣ አቀፈው፣ ቀጥሎም ፊቱን ወደ መብራት አዙሮ መርምሮ "ፀጉር ሳስተካክል ስንት ዘመኔ፣ እንዲህ አድርጌ ላጭቼ አላውቅም" አለ። ያሸነፈውን የነገረን እሱ ነው። ማን እንደሆነ ረስቼዋለሁ።

ከዚያ ወዲህ እናቴ ከቤት ሆና ውድድር አላየችም። አባቴ ክርን ላይ በቆመ ቁጥር እኔና እሷ ከአጥሩ በዚህ በኩል፣ ከጀርባው ነን። የእጅ ስፌቷን ይዛ ትቀመጣለች። ምንም አይታየንም፤ ማን እንደቀደመ፣ ማን እንደቀረ አናውቅም። ፀጉር አስተካካዩ "ቤታችሁ ውስጥ ሁሉን የሚያሳይ መስታወት እያለ የሰው ጀርባ ልታዩ ትሄዳላችሁ፤ ጤና የላችሁም" ይለን ነበር። እኔም ልጅ ሆኜ እናቴ በባሏ መኩራት ስለጀመረች የምትሄድ ይመስለኝ ነበር። እሱም ቢሆን ስሕተት አይደለም።

አባቴ አርጅቷል። ከሞተሩ ጩኸት ብዛት ጆሮው ደክሟል፤ ቅንድቡ ተመልሶ በቅሎ አንደኛው ጠመም እንዳለ ቀረ። ክርን ላይ እስከ ጡረታው ድረስ ቆመ፤ ሁልጊዜም ወጣ። ለዚህ ማንን እንደማመሰግን ሳላውቅ ሁሉንም አመሰግናለሁ፤ ወፍራሙን ሹፌር፣ ዘበኛውን፣ ፌርማታቸው ያለፈባቸውን ሽማግሌ፣ የጠመድኩትን ክር ሻጭ ሳይቀር። ከሁሉ በላይ ግን እናቴን። አንድ ነገር ብቻ አልገባ ብሎኝ ስለኖረ፣ ባለፈው ሰሞን አንሶላ ስናጣጥፍ፣ ጫፍና ጫፉን እንደያዝን ጠየቅኳት።

"እማዬ፣ ያን ቀን ለምን ተው አላልሽውም? አንዴ ብትይው ይተውልሽ ነበር።"

"ልለው እኮ ነው የሄድኩት" አለች። "መንገዱን ሙሉ አውቶቡስ ውስጥ ስለማመደው ነበር። በሕይወት ላግኘው እንጂ ከዛሬ በኋላ ክርንን አይረግጣትም ብዬ።"

"ታዲያ?"

አንሶላውን ወደኔ አምጥታ ጫፉን ከጫፌ ጋር ገጠመችው።

"ከዚያ የልጁን እናት ደወልኩላት። ስልኩ አንዴ ጮሆ ሳያበቃ አነሳችው። ማን ነሽ አላለችኝ፣ ከየት ነሽ አላለችኝ። 'ወጣ?' ብቻ ነው ያለችው።"

እጥፉን ከእጇ ተቀበልኳት።

"'ወጣ፣ በዓይኔ አይቼዋለሁ' አልኳት። ያን ጊዜ የተነፈሰችውን ትንፋሽ እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ። አሁን አንቺው ንገሪኝ፤ ያን ከሰማሁ በኋላ ባሌን ቤት አስቀምጬ፣ ለሚቀጥለው ልጅ የማንን ባል ልላክ?"